ገደቡ መቼ ይነሣ?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ርእሱን ራስሽ ምረጪ» ሲለኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። ዕድሜያችን እዚያ ደርሷልና አይፈረድባችሁም። እኔ ግን ዛሬ ይዤ የመጣሁት የሞተር ብስክሌት ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚገቡ የስፖርት ሞተሮች ላይ ፋብሪካው ያስቀመጠውን የኃይል ገደብ ማስነሣት፣ እሱን ነው የማወራው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የሕግ ሰው አለ፣ መምህር አለ፤ ከሁሉም በላይ ወላጅ አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ከአውሮፓ የገባ፣ ያገለገለ፣ 650 ሲሲ የስፖርት ሞተር ገዛ። ወረቀቱ ላይ ኃይሉ 35 ኪሎዋት ይላል። ልጁ ሲያጣራ ያው ሞተር ያለ ገደብ ሲሸጥ 50 ኪሎዋት ገደማ፣ በፈረስ ጉልበት 68 ያህል እንደሚያወጣ አወቀ። «አክስቴ፣ ገንዘቤን ከፍዬ አንድ ሦስተኛውን ቆልፈውብኛል እኮ!» አለኝ። ጋራዥ ሄዶ መካኒኩን አነጋግሮ ነበር። እኔም አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ «ዶክተርዬ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ናት» ብሎ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳኝ። ዛሬ ስለ ሞተር የምነግራችሁን ግማሹን የተማርኩት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

መጀመሪያ፣ ይህ ገደብ ከየት መጣ? ፋብሪካዎች ለራሳቸው ብለው ያመጡት አይደለም፤ ገበያቸው ያለበት አገር ሕግ ወይም ስምምነት ያስገባቸው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ የሞተር መንጃ ፈቃድ በደረጃ የተከፈለ ነው። ጀማሪው በ125 ሲሲና በ11 ኪሎዋት ይጀምራል። ቀጥሎ ኤ2 የሚባለው ደረጃ አለ፤ ጣሪያው 35 ኪሎዋት ነው። በዚህ ደረጃ ሁለት ዓመት የነዳና የሚፈለግበትን ፈተና ወይም ሥልጠና ያለፈ ሰው ነው ወደ ሙሉ ኃይል የሚሸጋገረው። ከዚያ ውጭ ሃያ አራት ዓመት መሙላት ይጠበቅበታል። ፈረንሳይ በበኩሏ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ለማንኛውም ሰው ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር አትፈቅድም ነበር። የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ ለአገራቸው ገበያ የሚሠሯቸው ትልልቅ ሞተሮች በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ላይ እንዲገደቡ ለረጅም ጊዜ ተስማምተው ቆይተዋል። ስለዚህ አንድ ያገለገለ ሞተር ወደ እኛ ሲመጣ፣ ሳናውቀው የሌላ አገር ሕግ በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው።

ገደቡ የሚቀመጥበት መንገድ ብዙ ነው። በቀድሞዎቹ ላይ ወደ ሞተሩ አየርና ነዳጅ በሚገባበት አንገት ላይ ቀዳዳው የጠበበ ቀለበት ይገባል፤ ልክ እንደጠበበ የደም ሥር። በሌሎቹ የጋዙ እጀታ ሙሉ በሙሉ እንዳይዞር ማቆሚያ ይደረግበታል። በአንዳንዶቹ ማርሚታው ጠቦ ይሠራል። በአዳዲሶቹ ደግሞ ሁሉም ነገር የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እጀታውን እስከ ጥግ ብታዞረው እንኳ ኮምፒውተሩ «ይበቃሃል» ብሎ አየር ማስገቢያውን በግማሽ ያቆመዋል። ማንሣቱም እንደዚያው ነው፤ ቀለበቱን ማውጣት፣ ማቆሚያውን መፍታት፣ ወይም ኮምፒውተሩን እንደገና መጻፍ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሞተሩ ከተወሰነ ዙር በላይ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ገደብ ሌላ ነው፤ እሱ ባልቦላና ፒስተኑን ከመሰባበር ይጠብቃል። ጥሩ መካኒክ ያንን አይነካም። ሁለቱን ደባልቆ የሚያነሣ ሰው ካጋጠማችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ወደ እኛ ሰማይ ልመለስ። የእህቴ ልጅ አንድ ጠንካራ ክርክር ነበረው፤ ሐቁን ልናገርና ስሰማው ወደድኩለት። «አክስቴ፣ ደብረ ብርሃን ራሷ ገደብ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው! ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። ሞተር ደግሞ እንደ እኛው የሚተነፍስ ነገር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በግምት ሩቡን ያህል ያጣል። ሒሳቡን ስንሠራው፣ ወረቀቱ ላይ 35 ኪሎዋት የሚለው ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 26 ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ገደቡ ሙሉ በሙሉ ቢነሣለት እንኳ ከ50ው እዚህ የሚያገኘው 37 ገደማ ነው። ማለትም አውሮፓ ውስጥ ለኤ2 ደረጃ ከተፈቀደው ብዙም አይርቅም። «ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። ምናለ ፊዚክስ እንዲህ ተምሮት ቢሆን!

ለሐኪሞቹ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የደጋ ሕዝባችን ለሳሳ አየር ያለው ብቃት በዓለም የታወቀ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፣ የሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅናቸውም መጠን ቆላ ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። ሞተር ግን ትውልድ የለውም። ካርቦራተር ያለው ሞተር ለሳሳ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይደክማል። ብዙ ወጣት «ተቆልፎብኝ ነው» የሚለው ድካም ግማሹ ይኸው ነው፤ የሚያስፈልገው ማስተካከያ ብቻ ነው። በተቃራኒው ለደብረ ብርሃን አየር የተስተካከለ ሞተር እንደዚያው ሆኖ ወደ ቆላ ሲወርድ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ይግላል፣ ፒስተኑንም ሊበላ ይችላል።

እንግዲህ ክርክሩ የሚሰነጠቀውም እዚሁ ላይ ነው። ማንም ሰው ሞተር የሚገዛው ደብረ ብርሃን ፒያሳ ላይ ለመዞር አይደለም። መንገዱ ይወርዳል። ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በዋሻው ሾልካችሁ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የሄዳችሁት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የወረዳችሁት ከፍታ ግን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያልፋል። እዚያ ያው ገደቡ የተነሣለት ሞተር ከ40 ኪሎዋት በላይ ይሰጣል። ልጁ እጁን ያስለመደው ግን በሳሳ አየር ነው። ጠዋት የሚያውቀው ሞተርና ከሰዓት በኋላ የሚነዳው ሞተር አንድ አይደሉም።

ከዚያ የሚበልጠው ቁልቁለቱ ነው። በቁልቁለት ላይ ፍጥነት የሚሰጠው ተራራው ነው፤ የሚያድነው ፍሬኑ ነው። የሳሳ አየር ሞተሩን ያደክማል እንጂ ተራራውን አያደክምም። ወደ አንኮበር የሚወስደውንም መንገድ ታውቁታላችሁ፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ የሚያስደንቅ ገደል፣ ጠመዝማዛ፣ ድንገት የሚወርድ ጉም። ጣርማ በር ላይም ጉሙ ከመጣ የራስን እጅ ማየት ያቅታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ጎማውን ድንጋይ ያደርገዋል፤ የቀዘቀዘ ጎማ አስፋልት አይነክስም። በዚያ ላይ በግ አለ፣ አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ለገበያ የወጣች እናት አለች። እነዚህ ሁሉ የመንገዱ ባለቤቶች ናቸው፤ ከሞተሩ በፊት ነበሩ።

ቁጥር ትወዱ የለ? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 22 ሜትር ሄዷል። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማ፣ በሠለጠነ እጅ እስኪቆም ድረስ በጠቅላላ 60 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ120 ግን 110 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፤ ርቀቱ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ምክንያቱም የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ለታካሚ ቤተሰብ ሳስረዳ እንዲህ እላለሁ፦ በ50 መጋጨት ከአሥር ሜትር ገደማ ከፍታ እንደመውደቅ ነው፤ ሦስት ፎቅ በሉት። በ100 መጋጨት ግን ከ39 ሜትር እንደመውደቅ ነው። ያ አሥራ ሦስት ፎቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል።

እኛ ጋ የሚመጣው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው ባት ላይ የተሰበረና ቆዳ ቀዶ የወጣ አጥንት ነው። እግር ከሞተርና ከመሬት መካከል ስለሚጣበቅ የሞተረኛ ጉዳት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካልተሰጠ፣ ቁስሉም ቶሎ ካልታጠበ አጥንቱ ይመረቅዛል። አንድ ወጣት ስምንት ወር፣ ዓመት ከሥራና ከትምህርት ውጭ ይሆናል፤ አንዳንዴም እግሩን ያጣል። ሁለተኛው ጭንቅላት ነው። በራስ ቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ሲጠራቀም፣ ልጁ መጀመሪያ ላይ ይናገራል፣ እናቱን ያውቃል፣ «ደኅና ነኝ፣ ቤት ውሰዱኝ» ይላል። ከዚያ እንቅልፍ ይይዘዋል። ያ እንቅልፍ አይደለም። በዚያ ሰዓት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንኮበር የመጣ እንደሆነ በዚያ ላይ 40 ያህል ጨምሩበት። አምቡላንስ ውስጥ ተቀምጣችሁ የልጁን የዓይን ብሌን በባትሪ እያያችሁ ያንን መንገድ መሄድ ምን እንደሆነ ሐኪሞቹ ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ እግዜር አያሳያችሁ።

ሄልሜት ይረዳል። በጥናቶች ጠቅላላ ግምገማ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ተብሏል። ነገር ግን ማሰሪያው ሳይታሰር የተደረገ ሄልሜት ኮፍያ ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለውማ የክንድ ጌጥ ነው።

እስካሁን ስሰማ «ዶክተሯ ገደቡ አይነሣ እያለች ነው» ብላችሁ ይሆናል። አይደለም። ገደብ የተሠራው እንዲነሣ ነው። ያ የአውሮፓ ደንብ ሞተሩን ለዘላለም አይቆልፍም፤ ሰውየው ሲማር ያነሣለታል። እኛ ራሳችንን እንይ እስቲ። ኢንተርን ሳለን ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተን የጀመርነው ሪትራክተር በመያዝ ነው፤ ክንዳችን እስኪደነዝዝ። ከዚያ ክር መቁረጥ፣ ከዚያ ቆዳ መስፋት፣ ከዚያ መምህራችን አጠገባችን ቆመው ትንሽ ቀዶ ጥገና። ቢላውን ጥለውልን የሄዱት መጨረሻ ላይ ነው። መሐንዲሱም ድልድዩን ብቻውን የፈረመው፣ ጠበቃውም ችሎት ብቻውን የቆመው በደረጃ ነው። እዚህ የተሰበሰብነው ሁላችን ገደባችን ቀስ በቀስ የተነሣልን ሰዎች ነን። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህንኑ ነው።

አገሩም የፈረስ አገር ነው። አንጎለላ ተወልደው መናገሻቸውን አንኮበር ላይ ያደረጉት ምኒልክ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የሸዋ ሰው ፈረስ ሲገራ ልጓሙን የሚያጠብቀው ፈረሱን ጠልቶ አይደለም። ልጓሙንም የሚያላላው ፈረሱ ስለጮኸ አይደለም፤ ጋላቢውና ፈረሱ ሲተዋወቁ ነው። እኛ ግን ስድሳ ስምንት ፈረስ በአንድ ኮርቻ አድርገን፣ ልጓሙን ግማሽ ቀን ጋራዥ ውስጥ እንፈታለን።

በእኛ አገር የሞተር መንጃ ፈቃድ በኃይል ደረጃ የተከፈለ አይደለም። በትንሽ ሞተር ተፈትኖ ያለፈ ልጅ በዚያው ወረቀት ትልቁን ይነዳል። ስለዚህ በሌላ አገር ገደቡ የመማሪያው አንድ ክፍል ሲሆን፣ እኛ ጋ ሲደርስ ትርጉሙ የጠፋ ብረት ሆኖ ይቀራል። መካኒኩም «ምን አገባኝ፣ ሕግ አልከለከለኝም» ቢል አልፈርድበትም። ከልክሎ መገላገልም መፍትሔ አይመስለኝም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ከሰኔ 30 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ስትከለክል፣ ምክንያቱ ወንጀል ነበር፤ በሞተር እንጀራውን የሚበላውም አብሮ ተነካ። ክልከላ ለሁሉም አንድ ልክ ነው። ደረጃ ግን ሰውን ለይቶ ያያል።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሜካኒካል ምሕንድስና ያላችሁ መምህራን፣ በከፍታ ላይ የሞተር ኃይል ምን ያህል እንደሚቀንስ ለተመራቂ ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ ስጧቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ለኩ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ለኩ። የእኔ ግምት ከወረቀት የወጣ ነው፤ የእናንተ ልኬት ግን ለመካኒኩም ለሕግ አውጪውም ይጠቅማል። መካኒኮቹን ጠርታችሁ የሦስት ቀን ሥልጠና ስጡ፤ ገደብ የሚያነሣ ሰው ፍሬን ሳያይ እንዳያነሣ የሙያ ደንባቸው ይሁን። የሕግ ሰዎች፣ ፈቃዱ በኃይል ደረጃ እንዲከፈል ረቂቅ ሐሳብ ጻፉ። የፍጥነት መገደቢያ ለሕዝብና ለጭነት መኪናዎች ሲመጣ ብዙ ክርክር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ያንን ልምድ ተጠቀሙበት።

ለእኛ ለሐኪሞቹ ደግሞ ትንሽ ነገር ናት። የድንገተኛ ክፍል መቀበያ ቅጽ ላይ አራት ሣጥን ብቻ ትጨመር፦ የሞተሩ ሲሲ፣ ሄልሜት ታስሮ ነበር ወይ፣ የመንጃ ፈቃዱ ዕድሜ፣ ሞተሩ ተለውጦ ነበር ወይ። ይህንን ከዓመታት በፊት ለአንድ ኃላፊ ሳቀርብ «እኛ የምናክመው ሰው ነው እንጂ ሞተር አይደለም» ተባልኩ። ሳቅ ተሳቀና ታለፈ። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፤ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልሆነ ይቆጠራል። ዛሬ «ገደብ የተነሣለት ሞተር ስንት ልጅ ጎዳ?» ብትሉኝ ቁጥር የለኝም፤ የሌለኝም ያ ሣጥን ስለሌለ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለወንድማችሁ ሞተር መግዣ ስትልኩ ሄልሜቱን፣ ጓንቱንና ጃኬቱን አብራችሁ ላኩ። በኤሌክትሪክ መንገድ እየተጓዝን ስለሆነም ጉዳዩ ነገ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ደብረ ብርሃን ላይም ሸዋ ሮቢት ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ገደቡ ደግሞ ኮንትሮለር የሚባለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ በብዙዎቹ አንዲት ሽቦ መንቀል ይበቃዋል። ያኔ ከፍታችን እንኳ አይገድብልንም።

የእህቴን ልጅ ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁት። ጎማህ መቼ ተሠራ? (ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2315 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው።) የፍሬንህ ሸራ ምን ያህል ቀርቶታል? ከ80 ላይ በስንት ሜትር እንደምትቆም ባዶ ሜዳ ላይ ለክተህ ታውቃለህ? ጎማው ከእሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጋር እኩያ ሆኖ ተገኘ! አስቀየረው። የፍሬኑንም ሸራ እንዲሁ። ሦስተኛውን ገና እየተለማመደ ነው። ገደቡ እስከ ዛሬ ጠዋት አለ። ሁለት ዓመት ያለ አደጋ ከነዳ በኋላ፣ ያው መካኒክ ጋ ሄደን፣ የማንሻውን ገንዘብ እኔ ልከፍልለት ቃል ገብቼለታለሁ። ማኅበሩም ምስክር ይሁነኝ።

 ወደ ቤት ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሊኖር ይችላል።